“ምንም አልበቀለም” ሲባል ምን ማለት ነው?

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጣርማበር ቁልቁለት ማዶ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ሰውና እንስሳ ተራርቀው አይኖሩም። ከብቱ፣ ፍየሉና ዶሮው ከደጃፍ አይጠፋም፤ ወደ አፋር ሲጠጉ ደግሞ ግመሉ ይጨመራል። እንዲህ ባለ አካባቢ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው “ከእንስሳ የመጣ ይሆን?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ጥያቄ መመለስ የሚችል ላብራቶሪ ግን በአገራችን ጥቂት ነው።

በአብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎች የሰገራ ምርመራ ማለት አሜባን፣ ጃርዲያንና የትላትል እንቁላልን በማይክሮስኮፕ መፈለግ ነው። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ለማወቅ ካልቸር፣ ማለትም ናሙናውን በተዘጋጀ ምግብ ላይ ዘርቶ ማብቀል ያስፈልጋል።

ሳልሞኔላ በዚህ ረገድ አያስቸግርም፤ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በተለመደው አየር ያድጋል። ካምፒሎባክተር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በዶሮ አንጀት የለመደ በመሆኑ የሚመቸው ሙቀት 42 ዲግሪ ነው። በተራው አየር አይበቅልም፤ ኦክስጅኑ ወደ 5 በመቶ የወረደበት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 10 በመቶ የደረሰበት የታሸገ ዕቃ ይፈልጋል። ሌሎች የአንጀት ባክቴሪያዎች እንዳይውጡትም በምግቡ ላይ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። ከዚያ 48 ሰዓት መጠበቅ ነው። በሌላው ዓለምም ምርመራው የተስፋፋው እንግሊዛዊው ማርቲን ስኪሮው ቀለል ያለውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1977 ካሳተመ በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ ሙቀት ወዳዱ ባክቴሪያ መጓዝ ያለበት በቅዝቃዜ ነው። ናሙናው ለማጓጓዣ በተዘጋጀ ምግብ ውስጥ ሆኖ በ4 ዲግሪ ካልተያዘ፣ ከቆላ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ እስኪደርስ ባክቴሪያው ሊሞት ይችላል።

እኔ የሕግ ሰው ነኝ። በፍርድ ቤት ማስረጃ ያልቀረበበት ተከሳሽ በነፃ ይሰናበታል። በላብራቶሪ ግን “ምንም አልበቀለም” ማለት ነፃ ማውጣት አይደለም፤ ባክቴሪያው በመንገድ ሞቶ፣ ወይም የሚስማማውን ሙቀትና አየር አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ካልቸር ራሱም ሁሉን አያይም፤ በ42 ዲግሪ የማይበቅሉ የካምፒሎባክተር ዝርያዎች አሉ። በሐረማያ አካባቢ በ100 ገደማ ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ባክቴሪያውን በፒሲአር በግማሾቹ ላይ አገኘ። ይበልጥ ጥልቅ በሆነው የዘረመል ንባብ ግን ቁጥሩ 88 በመቶ ደረሰ። ሕፃናቱ እነዚያው ናቸው፤ የተለየው መመርመሪያው ነው።

ነገሩ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ አይደለም። ባክቴሪያው ሳይታወቅ ሲፕሮፍሎክሳሲን በግምት ይታዘዛል፤ በብዙ አገሮች ደግሞ ካምፒሎባክተር ይህን መድኃኒት ተላምዷል። በሽተኛው ገንዘቡን ያወጣል፣ አይድንም፤ የተላመደው ባክቴሪያም ይራባል።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41(4) መንግሥት ለሕዝብ ጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ካልቸር ይሥራ ማለቴ አይደለም። የበረዶ ሣጥንና የማጓጓዣ ምግብ ግን ከአቅም በላይ አይመስሉኝም። የውጤት ወረቀቱም ምን ተፈልጎ እንደታጣ ይጻፍበት። እስከዚያው ወተቱን እናፍላ፣ ዶሮውን በደንብ እናብስል፣ ዶሮ ከነካን በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ የሚድኸውን ሕፃንም ከዶሮ ኩስ እናርቅ።