ለንጉሡም፣ ስሙን ጠሪ ለሌለውም

አያቴ በሕይወት ሳለች መጋቢት 1 ቀን ከዶሮ ጩኸት በፊት ትነሣ ነበር። ማኅበሯ የልደታ ነው፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከማኅበርተኞቹ በአንዱ ቤት ጽዋ ይጠጣል። የመጋቢቱን ግን አያቴ ለማንም አትሰጥም፤ ተራዋ ባይሆን እንኳ ለምና ትወስደዋለች። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በሁዳዴ ስለሚውል የሱፍ ፍትፍቱን፣ ሽሮውን፣ ዳቦውን በዋዜማው አሰናድታ ታድራለች። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ሲቆረስ፣ ሁለት ዋንጫ ጠላ ቀድታ ደጅ ለተቀመጡ ነዳያን ትልካለች። የመጀመሪያውን «ለንጉሡ» ትላለች። ሁለተኛውን «ስሙን ጠሪ ለሌለው»።

የመጀመሪያው በልጅነቴም ይገባኝ ነበር፤ ከተማችን መተማ ዮሐንስ ናት፣ ንጉሡም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። ሁለተኛው እስኪገባኝ ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

መተማ አስቀድማ የታወቀችው በጦር ሜዳነት አልነበረም፤ በገበያዋ ነው። ከደጋው ቡና፣ ሰምና ማር ይወርድላት፣ ከሱዳን በኩል ጥጥ፣ ጨርቅና ግመል ይመጣላት ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥባት ነበር፤ ይህንን ሳይናገሩ ገበያዋን ማወደስ ተገቢ አይደለም። አገሩን የያዙት ተክሩሮች ነበሩ፤ ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው ምዕራብ ወደ መካ የሚጓዙ ሙስሊሞች እዚህ ቀርተው የመሠረቱት ሕዝብ ነው። በሁለት መንግሥታት መካከል ስለሚኖሩ ለሐበሻውም ለግብፁም ግብር ይከፍሉ ነበር።

ግንቦት 1876 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ ተዋዋሉ። በሱዳን የተነሡት ማህዲስቶች የከበቧቸው የግብፅ ወታደሮች፣ የመተማዎቹም ጭምር፣ በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ንጉሡ ረዱ። በዚህ ምክንያት የግብፅ ጠላት የነበረው ኃይል የእኛም ጠላት ሆነ። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወርደው መተማን አቃጠሉ። በዓመቱ፣ በ1880 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ የማህዲስቶቹ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በደንቢያ ሣር ውኃ ላይ ድል ነሥቶ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ሕዝቡንም እየማረከ ወደ ቆላ ነዳው።

የአያቴ ሁለተኛ ዋንጫ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የእርሷ አያት ደንቢያ ተወልዳ ያደገች ሴት ነበረች፤ በዚያ ሰሞን አንዲት ታናሽ እኅቷ ከተነዱት ጋር ተነድታ ቀረች። ታሪኩ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የልጅቱ ስም መንገድ ላይ ወደቀ። ዕድሜዋን እናውቃለን፣ ውኃ ለመቅዳት ወጥታ እንደ ነበር እናውቃለን፣ ስሟን ግን አናውቅም። አያቴ ቄሱ የሙታን ስም ሲጠሩ የምታቀርበው ስም የላትም፤ ያላት ዋንጫ ነው።

ንጉሡ በቁጣ ብቻ አልወረዱም። ከመዝመታቸው በፊት ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጠላት ለሁለታችንም ጠላት ነው፣ ብንዋጋ የምናልቀው እኛው ነን የሚል ሐሳብ ያለበት። የተመለሰላቸው ስድብ ነበር። አቡ አንጃ ብዙም ሳይቆይ ሞተና ዘኪ ቱማል ተተካ፤ መተማንም በእሾህ ዘሪባ አጠረ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጦሩ ዘሪባውን ከበበ። አጥሩ ተጣሰ፣ ድሉ ቀረበ። ንጉሡ በጥይት የተመቱት በዚያው ሰዓት ነው፤ ወሬው በሠራዊቱ ሲሰማ ሊያሸንፍ የነበረው ሠራዊት ፈረሰ። በማግሥቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው ወደ ደጋ ያመሩትን ዘኪ ቱማል ተከትሎ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሰባቸው፤ አጎታቸው ራስ አርአያ እዚያው አስከሬኑን ሲጠብቁ ሞቱ። የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

በእኛ ልማድ ሰው ሲሞት ይቀበራል፣ ከዚያ አርባው ይወጣል፣ ተዝካሩ ይደገሳል። የሚቀበር አካል ያልተገኘለት ግን በምን ይታሰባል? አያቴ «መቃብር የሌለው ሰው በአፍ ይቀበራል» ትለኝ ነበር። ይህን ያለችኝ ስለ ንጉሡ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ስለ ልጅቱም እንደ ሆነ አውቃለሁ። የመተማን ስም ከዮሐንስ ስም ጋር ማጣመር ትልቅ ተዝካር ነው፤ ተሳፋሪ ትኬት በቆረጠ ቁጥር፣ ሰሊጥ ጫኝ መኪናውን ባስነሣ ቁጥር ስማቸው ይጠራል። ለተራው ሰው ግን ከተማ አይሰየምም። የእርሱ ተዝካር ማኅበር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ደግሞ የንጉሡን ደብዳቤ እውነት አደረገው። እኛ ክፉ ቀን የምንለው፣ ከብቱ በበሽታ ያለቀበትና ሰው በረኃብ የረገፈበት ዘመን ነው። በዚያው ጊዜ ሱዳንም ተራበች፤ እነርሱ በሂጅራው 1306 ዓመት ሰይመው «ሰነት ሲታ»፣ ስድስተኛዋ ዓመት፣ ይሏታል። ውጊያውን እኛ የመተማ እንለዋለን፣ እነርሱ የገላባት ይሉታል። ስሙ ሁለት ነው፣ ረኃቡ ግን አንድ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በግንቦት 1894 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ ድንበሩን ተዋዋሉ፤ በመተማና ከማዶዋ ባለችው ገላባት መካከል ያለችው፣ በመጋቢት ጠጠሯ ብቻ የምትቀር ወንዝ የሁለት አገር ወሰን ሆነች። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች ያዘመቷቸው የህንድ ወታደሮች ከጣሊያን ጦር ጋር በዚህችው ወንዝ ግራና ቀኝ ተዋጉ። እነዚያም እናቶቻቸው በሩቅ አገር የሚጠብቋቸው ልጆች ነበሩ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሹር ነበር። እኛ ለፋሲካ ስንሰናዳ በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ ለሱዳኖቹም ረመዳን ሊወጣ ቀናት ቀርተውት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሰዉ በድልድዩ ይጎርፍ ጀመር። ቶብ የለበሱ እናቶች ልጅ አዝለው፣ ሻንጣ ተሸክመው። አንዲቱ ደጃችን ላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ በመንገድ የተለያትን ልጅ ስም ደጋግማ ትጠራ ነበር። ውኃ ሰጠኋት፤ ቡናም አፈላሁላት። በአረብኛዬ ልክ ላጽናናት ሞከርሁ። እየሰማኋት የአያቴን አያት አሰብኋት፤ እርሷም እኅቷን በአንድ ወቅት እንዲህ ስትጠራ ኖራ መሆን አለበት።

መተማ ላይ የምናስበው ሙት የእኛ ብቻ መሆን የለበትም ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ንጉሡን ማክበር የሚቻለው የጻፉትን የሰላም ቃል በማስታወስ ነው፤ ያን ቃል ያስታወሰ ሰው ደግሞ በዘሪባው ውስጥ የወደቁትን የሱዳን ልጆች ከመታሰቢያው አያስወጣም።

የሚመጣው የመጋቢት ማኅበር የእኔ ነው፤ እንደ አያቴ ለምኜ ወሰድሁት። ሁለቱን ዋንጫዎች እቀዳለሁ። ሁለተኛውን ስልከው ግን ጥቂት ቃል እጨምራለሁ፦ ስሙን ጠሪ ለሌለው፣ ከወንዙ ወዲህም፣ ከወንዙ ወዲያም።