የዘር ሐረግ በካፋ፦ ከጎሳ ስም እስከ ክብር መዝገብ

የቤተሰብን ታሪክ ከመዝገብ መዝገብ እየተከተሉ ወደ ኋላ መቁጠር በብዙ አገሮች የተለመደ ጥናት ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ስማቸው በቅድሚያ ከሚነሣ አገሮች አንዷ ስኮትላንድ ናት። በዚያ አገር እያንዳንዱ የገጠር አጥቢያ፣ ማለትም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበ የምእመናን ቀበሌ፣ የተጠመቁትንና የተጋቡትን ሰዎች የሚጽፍበት መጽሐፍ ነበረው፤ እስከ ዛሬ ከቆዩትም ጥንታዊው የኤሮል አጥቢያ መዝገብ በ1553 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በሕግ አስገድዶ መመዝገብ የጀመረው ግን በ1855 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ሦስት መቶ ዓመት የሚሸፍኑት እነዚያ የአጥቢያ መጻሕፍት ናቸው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በካፋ ምድር ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልነበረም። በካፋዋ ከተማ በቦንጋ የሚኖር የአንድ ቤተሰብ ያለፈ ዘመን የሚፈለገው ከጎሳ ስም፣ ከደን ይዞታ፣ ከባዕዳን መንገደኞች ጽሑፍና ከግብር ደረሰኝ ተለቃቅሞ ሲሆን፣ ፍለጋው ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደውም የካፋ ነገሥታት መንግሥት በወደቀበት በ1890 ዓ.ም. መባቻ፣ የሰዎች ስም ራሱ በተለወጠበት ስፍራ ላይ ነው።

የካፋ ሐረግ መነሻ ጎሳ ነው። ካፍቾዎች፣ ማለትም የካፋ ሕዝብ፣ የአባትን መስመር በሚከተሉ ጎሳዎች የተከፈሉ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ፣ ሚንጆ የሚባለው፣ ታቶ የሚል ማዕርግ የነበራቸው ነገሥታት የሚወጡበት ነበር። የአንድ ጎሳ ልጆች እርስ በርስ አይጋቡም፤ ስለዚህ የጎሳ ስም ለጌጥ ወይም ለኩራት ብቻ የሚያዝ ሳይሆን ጋብቻ በታሰበ ቁጥር የሚጠየቅና የሚመረመር የዕለት ጉዳይ ነው። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል ተጋቢዎች ዝምድና እንዳይኖራቸው ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በዚህ አቆጣጠር ላይ የእያንዳንዱ አያትና ቅድመ አያት ስም መታወቅ ስላለበት ስሞቹ በቃል ይጠናሉ። በካፋ ግን የጎሳው ስም ብቻውን ክልከላውን ስለሚያስፈጽም፣ የሦስተኛው ወይም የአራተኛው አያት ስም ቢዘነጋ እንኳ ጎሳው አይዘነጋም። ውጤቱ ለተመራማሪ ልዩ ነው፤ የሐረጉ ሥር ይታወቃል፣ የቅርብ ቅርንጫፎቹ ይታወቃሉ፣ መካከሉ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

ይህ ሥርዓት ሁሉንም እኩል አላስታወሰም። በአደን የሚታወቁትና በመንግሥቱ ዘመን የአገሩን በሮች ይጠብቁ የነበሩት ማንጆዎች ከሌላው ሕዝብ ጋር እንዳይጋቡና በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገው ለረጅም ዘመን የኖሩ ናቸው። የነገሥታቱን ዝርዝር የጻፉ ሰዎች ስለ ማንጆዎች በጻፉ ጊዜ ስለ ልማዳቸው እንጂ ስለ አንድ ማንጆ አባትና አያት አልጻፉም፤ በመሆኑም የማንጆ ቤተሰብ ታሪክ ከራሳቸው ከማንጆዎቹ አፍ ካልተሰበሰበ በቀር በሌላ ቦታ የሚገኝ አይደለም። ይህ ጉድለት ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ሊሞላ የሚገባው ነው።

ከጎሳ ቀጥሎ የሚመጣው ምስክር መሬት ነው። በካፋ ባህል አንድ ቤተሰብ ማር የሚቆርጥበት፣ የጫካ ቡናና ኮረሪማ የሚለቅምበት የታወቀ የደን ክፍል ኮቦ ይባላል። ኮቦ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሲሆን ሌላው ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቀፎ አይሰቅልበትም፤ በወንዝ፣ በሸንተረርና በትልልቅ ዛፎች የሚለየው ወሰኑም በጎረቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሀብት ከሆነ በኋላ ሕጉ ለኮቦ ዕውቅና ባይሰጥም ልማዱ በብዙ ቦታ አልጠፋም። ለቤተሰብ ታሪክ የኮቦ ዋጋ ይህ ነው፦ የደኑ ባለቤት መብቱን ለማስረዳት ደኑ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ መናገር ግድ ስለሚሆንበት፣ በሌላ ምክንያት ሊረሳ ይችል የነበረው የአያት ስም ከዛፉና ከወንዙ ጋር ታስሮ ይቆያል። የስኮትላንድ ገበሬ ስም በቄስ መጽሐፍ ላይ እንደ ቆየ የካፋው ባለ ቀፎ ስም በደኑ ላይ ቆይቷል ማለት ይቻላል።

የጽሑፍ ምንጮች ከዚህ በእጅጉ ይለያሉ፤ ከውጭ የመጡ ናቸው፣ የሚያዩትም ከላይ ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 እ.ኤ.አ. ካፋ የደረሱ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቡነ መስያስ በመባል የሚታወቁት ጣሊያናዊው የካቶሊክ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ ደግሞ ከ1859 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. በዚያው ቆይተው ከአገሩ እንዲወጡ ተደርጓል። የቪየናው ሰው ፍሪድሪሽ ዩልዩስ ቢበር ካፋን ያዩት መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ፣ በ1905 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ስለ ሕዝቡ አኗኗር የጻፉት ሰፊ መጽሐፍም በሁለት ቅጽ፣ በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከአገሩ ልጆች መካከል በቀለ ወልደ ማርያም የመንግሥቱን ታሪክ ከ1390 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ድረስ ተከታትለው በአማርኛ ያሳተሙ ሲሆን ሥራቸው በ2010 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛም ወጥቷል። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የነገሥታትና የሹማምንት ስም በብዛት ይገኛል፤ ንጉሡን ያማክሩ ከነበሩት ሚክሬቾ ከሚባሉት መኳንንት አንዱን በአያትነት የሚቆጥር ቤተሰብ ከዚህ ሊጠቀም ይችላል፤ የእንሰት ገበሬ የልጅ ልጅ ግን የአያቱን መንደር እንጂ የአያቱን ስም አያገኝም።

በዚህ ላይ የአጻጻፍ ችግር አለ። ካፊ ኖኖ፣ ማለትም የካፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ በመንግሥቱ ዘመን የራሱ ጽሕፈት ስላልነበረው እያንዳንዱ ጸሐፊ የሰማውን ስም በራሱ አገር ልማድ ጽፏል። የመጨረሻው ንጉሥ የጋኪ ሸሮቾ ስም በጣሊያንኛ፣ በጀርመንኛና በሩስያኛ አጻጻፍ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ስም እስኪመስል ድረስ ይለያያል። ንጉሡ የታወቁ በመሆናቸው ማንም አይሳሳትም፤ ተራ ሰው ሲሆን ግን ፊደሉ ብቻ ዘመዳሞችን ይለያያል። ቋንቋው ዛሬ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሲሆን የመንግሥት ሰነዶች ደግሞ ለረጅም ዘመን በአማርኛ የተጻፉ ናቸው፤ በመሆኑም አንድን ስም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ስሙ በካፊ ኖኖ እንዴት እንደሚነገር ከሽማግሌዎች መስማትና ከዚያ በኋላ ወደ ወረቀት መሄድ ይኖርበታል። ከወረቀት የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ከወረቀት አይወጣም።

አሁን ወደ ትልቁ ስብራት መምጣት ይገባል። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር በ1889 ዓ.ም. ካፋን ወግቶ ያሸነፈ ሲሆን ጋኪ ሸሮቾም በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተይዘው በእስር ኖረው በ1919 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሞተዋል። ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በኋላ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር በካፋ ያለፈው ሩስያዊው መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ሰው ያለቀበትንና ዐፅም በሣር መካከል የተበተነበትን አገር ጽፏል። ከሞት የተረፈው ብዙ ሕዝብ በባርነት ተነድቶ ወጣ። አንድ ቤተሰብ አባቱ ሞቶ፣ ልጆቹ በጅማና ከዚያ ወዲያ ባሉ ገበያዎች ተሸጠው ሲበተን፣ ሐረጉን የሚቆጥርለት ሽማግሌም አብሮ ይጠፋል፤ ብዙ የካፋ ቤተሰቦች ከዚያ ዘመን ወደ ኋላ ከጎሳ ስም በቀር ለመቁጠር የሚቸገሩትም ስለ ተዘናጉ ሳይሆን ቆጣሪው ስለ ሞተባቸው ነው።

በአገሩ የቀሩት ደግሞ ስማቸው ተለወጠ። ክርስትና በካፋ ከዚያ በፊትም የነበረ ቢሆንም፣ ከወረራው በኋላ ብዙ ሰው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቅ የክርስትና ስም ተቀበለ፤ ወደ አማርኛ ያዘነበለ ስምም ለአስተዳደሩና በኋላም ለትምህርት ቤቱ የሚስማማ ሆነ። በመንደሩ በካፋ ስሙ የሚጠራ ሰው በሹሙ ፊት ገብረ ማርያም ወይም ወልደ ሚካኤል ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ቋሚ የቤተሰብ ስም የለም፤ የአንድ ሰው ሙሉ ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ተደምሮ በመሆኑ በየትውልዱ አንድ ስም ከፊት ሲገባ አንድ ስም ከኋላ ይወጣል። እንግዲህ ሁለት ስም የነበረው አያት ሁለት ወንዶች ልጆች ቢኖሩት፣ አንዱ አባቱን በካፋ ስሙ፣ ሌላው በክርስትና ስሙ ቢያስመዘግብ፣ የልጅ ልጆቹ በወረቀት ላይ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች ሆነው ይታያሉ። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው የጎሳ ስም ነው፤ ጎሳው አንድ፣ መንደሩ አንድ፣ ኮቦው አንድ ሆኖ ስሙ ሁለት ከሆነ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን መጠርጠርና ማጣራት ይቻላል።

ከወረራው በኋላ የመጣው የገባር ሥርዓት፣ ገበሬው ለተተከለበት ወታደርና ሹም ግብርና ጉልበት የሚገብርበት አሠራር፣ ሰውን ቆጠረ እንጂ ሐረግን አልጻፈም። ይበልጥ የሚጠቅመው ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች መሠረት ግብር በገንዘብ ሲከፈል የተሰጠው ደረሰኝ ነው። ገበሬዎች ይህን ወረቀት የባለይዞታነት ማስረጃቸው አድርገው በጥንቃቄ ያስቀምጡት ስለነበር፣ የከፋዩን ስም ከነአባቱ የያዘ ደረሰኝ በአንዳንድ ቤት ከልጅ ወደ ልጅ ተላልፏል። ለመንግሥት ገቢ የተቆረጠው ቁራጭ ወረቀት ሳይታሰብ የቤተሰብ መዝገብ ሆነ።

ከአገር ተነድተው የወጡትን በተመለከተ ግን ከስኮትላንድ ጋር የሚያገናኝ አንድ አስደናቂ ሰነድ አለ። በ1888 እ.ኤ.አ. ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ፣ አብዛኞቹ ኦሮሞ የሆኑ ልጆችን የጫኑ ጀልባዎችን በቀይ ባሕር መውጫ አካባቢ ይዛ ልጆቹን ወደ ዔደን ወሰደች። ከእነርሱ መካከል የተወሰኑት በዚያ በነበረው የስኮትላንድ ነፃ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን አደጉ፤ በ1890 እ.ኤ.አ. 64ቱ በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ሲላኩም ሚሲዮናውያኑ በአስተርጓሚ እየጠየቁ የእያንዳንዱን ልጅ ታሪክ ጻፉ። የአባትና የእናት ስም፣ የትውልድ መንደር፣ የወንድሞችና የእኅቶች ቁጥር፣ የተያዙበት ሁኔታና ወደ ባሕር የተነዱበት መንገድ ተጽፏል። የታሪክ ተመራማሪዋ ሳንድራ ሮውልት ሼል ይህን ሰነድ መርምረው በ2018 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመዋል። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ የደቡብ አፍሪካዊው ምሁርና የነፃነት ታጋይ የኔቪል አሌክሳንደር አያት ነበረች። የአገራቸውን አጥቢያ መዝገብ ልማድ የለመዱ ሰዎች ልጅን ሲያገኙ የአባቱንና የእናቱን ስም መጠየቅ ስላልዘነጉ፣ ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ ከተነዱት እጅግ ብዙ ሕዝቦች መካከል ለጥቂቶቹ ሐረግ ተረፈ። ከካፋ በዚያው ዘመን የተሸጡት ግን አብዛኞቹ ይህን የመሰለ ጠያቂ አላገኙም።

እዚህ ላይ የሴቶች ጉዳይ ይነሣል። የስኮትላንድ መዝገብ ያገባችን ሴት በአባቷ ቤት ስም የመጻፍ ልማድ ስላለው የእናትን መስመር መከተል ይቻላል፤ በኢትዮጵያም ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። በካፋ ግን ሐረጉ የሚቆጠረው በአባት ስለሆነ፣ ኮቦው ለወንድ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ የግብር ደረሰኙም በባል ስም ስለሚቆረጥ፣ ከሌላ ጎሳ የመጣችው እናት ስሟ በልጆቿ አፍ ካልቆየ በሁለት ትውልድ ውስጥ ይሰወራል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456 የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ማዘዙ በዚህ ምክንያት ከመሬት ሕግነቱ ያለፈ ትርጉም አለው፤ ብዙ የገጠር ሴቶች ከነአባታቸው ስም በሰነድ ላይ መስፈር የጀመሩት በዚህ ደብተር ነውና።

የክብር መዝገብ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበት የመንግሥት መዝገብ፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተደንግጎ የነበረ ቢሆንም አፈጻጸሙ በሌላ ትእዛዝ እስኪወሰን ድረስ እንዲቆይ የሕጉ አንቀጽ 3361 ስላዘዘ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ በቦንጋ ወይም በዙሪያው ባለ ቀበሌ የተወለደ ሕፃን በዘጠና ቀን ውስጥ ሲመዘገብ የአባቱና የእናቱ ሙሉ ስም ይጻፍለታል፤ በእናቱ ሙሉ ስም ውስጥም የእናቱ አባት ስም አብሮ ስለሚገባ፣ የቀድሞው አቆጣጠር ይጥለው የነበረው የእናት ወገን አሁን ይያዛል። አዋጁ በልደት መዝገብ ላይ እንዲሰፍሩ ከሚዘረዝራቸው ነገሮች መካከል ግን የጎሳ ስም የለም፤ የካፋ ሐረግ ከስብራቱ ወዲህና ወዲያ ማዶ የሚገናኝበት ያ ስም ዛሬም እንደ ጥንቱ ጋብቻ በታሰበ ጊዜ በሽማግሌዎች አፍ ይጠየቃል።