ሠሪና ዘመኑ፤ ከጓሳ ሣር እስከ አፍሪካ አዳራሽ



አንድ ታላቅ ሕንፃ ባየን ጊዜ ዘወትር የምንጠይቀው «ማን ሠራው?» ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ግማሽ ጥያቄ ነው። የቀረው ግማሽ «ሠሪውንስ እንዲህ አድርጎ እንዲሠራ ያደረገው ምንድን ነው? ድንጋዩን፥ እንጨቱንና ክዳኑን ጠብቆ ያቆየለት ማን ነው?» የሚል ነው። በዛሬው ንግግራችን ይህን ጥያቄ ይዘን በመጀመሪያ ወደ መንዝ ደጋ ወደ ጓሳ እንወጣለን፤ ከዚያም ወደ ዋና ከተማችን ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፥ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ የውርጭ አገር ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ሣር ሲሆን፥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። በዚህ ብርድ አገር ረጅም ዛፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ የመንዝ ሰው ግድግዳውን በድንጋይ ይክባል፤ ጣሪያውን በጓሳ ሣር ይከድናል፤ ከሣሩም ገመድ ይገምዳል፤ ለማገዶ አስታ ይለቅማል። ይህ ግንበኛ የምሕንድስና ትምህርት ቤት አልገባም፤ ስሙም በመጽሐፍ አልተጻፈም። ቢሆንም የአገሩን ብርድ፥ ነፋስና ድንጋይ መርምሮ የሚሠራ ስለሆነ መሐንዲስ ከመባል የሚያግደው የለም።

ነገር ግን ሣሩ በየዓመቱ ያለ ልክ ቢታጨድ ኖሮ ግንበኛው የሚከድነው ባጣ ነበር። የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፥ አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ጓሳውን ለልጅ ልጆቻቸው ለይተው አቆዩት። ቄሮ የሚባለውም የጥበቃ ሥርዓት 400 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው ይነገራል። ባለ ርስቶቹ አለቃ መርጠው ጓሳውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ በበቃ ጊዜ በበጋ ይከፍቱት ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ መልሰው ይዘጉት ነበር። እነዚህ አባቶች አንድም ግንብ አልገነቡም፤ ነገር ግን በመንዝ የተከደነው ጣሪያ ሁሉ በእነርሱ ሕግ ሥር ያደረ ነበር። ስለዚህ የመንዝን ቤት የነደፉት ግንበኞቹ ብቻ ሳይሆኑ ሕግ አውጭዎቹም ጭምር ናቸው ብንል አልተሳሳትንም።

ዘመን ግን ሕግንም ይለውጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን፥ በርስት ላይ ቆሞ የነበረው ቄሮ አብሮ ፈረሰ። በቀድሞው ሥርዓት ርስት የሌለው ሰው ከጓሳው ድርሻ ስላልነበረው ለእርሱ ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነበር፤ ሣሩ ግን ጠባቂ አጣ። ጉዳቱ ከታየ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ መክሮ፥ የቀድሞውን ልማድ ከአዲሱ ጊዜ ጋር አስማምቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። የዘር ሐረጋቸው ከመንዙ ከነጋሢ ክርስቶስ የሚመዘዘው ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከመሠረቱ ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው እንጨት ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። ስለዚህም ከተማውን ለማዛወር ታስቦ በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ። ይሁን እንጂ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አደገና አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች፤ የአዲስ ዓለሙም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የቤተ መንግሥቱን ቦታ የወሰነው ከመሐንዲሱ እርሳስ ይልቅ ዛፉ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ሲሚንቶና ብረት ይዞ መጣ። ኢጣሊያዊው የሕንፃ ነዳፊ አርቱሮ ሜዜዲሚ በወጣትነታቸው ወደ አስመራ መጥተው ሙያቸውን በዚያ ጀመሩ። ወደ አፍሪካ ያመጣቸው የቅኝ ግዛት ዘመን ሲሆን፥ ስማቸውን ያስጠራው ግን ቅኝ ግዛት የፈረሰበት ዘመን ነው። የነደፉት የአፍሪካ አዳራሽ በ18 ወር ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ ብዙዎች የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን ገና እያወጁ ነበር። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የመስኮት ሥዕል የሠሩት አፈወርቅ ተክሌም የአፍሪካን ያለፈ ሐዘን፥ ትግልና ተስፋ በኅብረ ቀለም መስታወት አሳዩ። ዘመኑ አዳራሹን ፈጠረው፤ አዳራሹም በተራው ዘመኑን አገለገለ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በእርሱ ውስጥ ነውና። ይህም አዳራሽ ቢሆን ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ነው ብዙ ከተደከመበት በኋላ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደገና የተከፈተው።

ክቡራን አድማጮች፤ ዛሬ በመንዝ ሳይቀር የቆርቆሮ ክዳን በርክቷል። ቆርቆሮ ለባለቤቱ ድካም ያቀልለታል፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ሣሩን ለጣሪያ የሚፈልገው ሰው ከቀነሰ፥ ነገ ጓሳውን የሚጠብቀው ማን ነው? ጓሳ የብዙ ምንጮች መነሻ ነው፤ የአራዊትም መጠጊያ ነው፤ ስለዚህ ለክዳን ባያስፈልግ እንኳ ለውኃ ያስፈልገናል። በየመሥሪያ ቤታችን የሕንፃ ንድፍ መርምረን ፊርማችንን የምናኖር ሁሉ፥ ከመፈረማችን በፊት እንደ መንዝ አባቶች አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ይህ ቤት የሚሠራበት ነገር ከየት ይመጣል? ከእኛ በኋላስ ማን ይጠብቀዋል? ለዚህ መልስ ያዘጋጀ ሠሪ ዘመኑ ቢያልፍም ሥራው አያልፍም።