አራዳ፦ ከገበያ ስም እስከ ሰው ጠባይ

«አራዳ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ለጎንደር ሰው አስቀድሞ የሰፈር ስም ነው። በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረችው አዲስ አበባም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፤ ጸጥታ አስከባሪዎቹም «የአራዳ ዘበኛ» ተባሉ። ጣሊያን ከተማይቱን በያዘባቸው ዓመታት (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረው፤ በሰፈሩም ላይ «ፒያሳ» የሚል ስም ተደረበ። ቃሉ ግን ከገበያው ጋር አልሄደም፤ ወደ ሰው ተሻገረ። ንቁውና የማይታለለው ከተሜ «አራዳ» ሲባል፣ ተቃራኒው «ፋራ» ሆነ፤ ከገጠር የመጣውም ብዙ ጊዜ በዚህ ቃል ይሸማቀቃል።

ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። አራዳን ገበያ ያደረገው እህሉንና ቅቤውን ጭኖ የሚመጣው ባላገር ነበር። እርሱ ባይመጣ ኖሮ የከተሜው መመኪያ የሆነው ስም ከየት ይገኝ ነበር? ባላገሩን ሳይጠይቅ ስለ ባላገሩ የሚወስን የከተማ ልሂቅም ራሱን አራዳ ከማለቱ በፊት ይህን የቃሉን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው። ገበያ ያለ ሻጭ አይቆምም፤ ፖለቲካም እንዲሁ።