ለሻንጣው የሚጠየቀው ባለ አልቤርጎ

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በዚህ መሀል ሚኤሶ የባቡር ጣቢያ ሆነች። ከሚኤሶ ሽቅብ፣ ደጋው ላይ፣ ራሽያ ተምረው የመጡት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ለሌላው አገር ምሳሌ እንድትሆን አቀኗት። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው።

መንገደኛ የበዛበት ከተማ ማደሪያ ያስፈልገዋል። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ «አልቤርጎ» የሚለውን ቃል ትቶልን ሄደ። ጭሮም ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች ሹፌሩም ጫት ነጋዴውም ያድርባታል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በሰው ፊት እርቃኑን ቢሆን፣ ባለቤቱ ይጠየቃል ወይ?

የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቀው የስዊዘርላንዱ ዣን ግራቨን ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ተክቶታል። የአሁኑ ሕግ አንቀጽ 639 እንደሚታይ እያወቀ በአደባባይ ወይም ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ ግብረ ሥጋ፣ ወይም ለመልካም ጠባይ እጅግ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ድርጊት የፈጸመን ሰው ይቀጣል። ስለ ልብስ ርዝመት ምንም አይልም። የሚመዝነው ድርጊቱን፣ ቦታውንና የሰውየውን ሐሳብ ነው። ስለዚህ አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ቦታ አለ፦ የመጠጥ አዳራሹ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የተቆለፈው አልጋ ክፍል ግን አይደለም።

ባለቤቱን በቀጥታ የሚነካው አንቀጽ 634 ነው። በሌላ ሰው ዝሙት አዳሪነት የሚተዳደርን፣ ወይም ለጥቅም ብሎ በአከራይነት ወይም በባለቤትነት የዝሙት ቤት የሚያቆምን ይቀጣል። ገላዋን የምትሸጠዋን ሴት ራሷን ግን በዚህ አይከስም። ባለቤቱ ገንዘብ አስከፍሎ የእርቃን ጭፈራ ቢያዘጋጅ ደግሞ በአነሳሽነት ወይም በአባሪነት ሊጠየቅ ይችላል። ምንም ሳያውቅ አንድ ሰካራም አዳራሹ መሀል ልብሱን ቢያወልቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጥፋት የሌለበት ሰው በወንጀል አይቀጣም።

የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ብናይ ነገሩ ይለያል። የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። ሆቴል ያለው ሰውም ለእንግዳው ዕቃ ኃላፊ ነው፤ የሰረቀው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፣ በገደብም ቢሆን፣ ይጠየቃል። እንግዲህ ባለ አልቤርጎው ለእንግዳው ሻንጣ ሌላው ባጠፋው ሊከፍል ይችላል፤ ለእንግዳው ነውር ግን የሚታሰረው ራሱ እጁን ካስገባ ብቻ ነው።

ልዩነቱ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ካሳ ገንዘብ ነው፤ ኪሳራውን ከንግዱ የሚጠቀም ሰው ቢሸከመው ያስኬዳል። እስር ግን ነፃነት ይወስዳል፣ ስም ያጠፋል።

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። «ነውር ተሠራበት» ተብሎ በር ቢታሸግ፣ ከባለቤቱ እኩል አስተናጋጇና አንሶላ አጣቢዋም ደሞዛቸውን ያጣሉ። ጭሮም ሆነ ሂርና፣ በዴሳም ሆነ ገለምሶ፣ ማሸጊያው ከመለጠፉ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፦ ማን አደረገው? ማን አውቆ ፈቀደ? ማንስ ተጠቀመበት?