ከሃይደራባድ ያልተቀዳው ትምህርት፦ የቂሊንጦ መድኃኒት ፓርክና ፍሳሹ

ኢትዮጵያ ከእስያ ምን ትማር የሚለው ክርክር ከተጀመረ ሰንብቷል። ስለ ልማታዊ መንግሥት፣ ስለ ወጪ ንግድና ስለ ሥራ ዕድል የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም፤ በዚያ በኩል ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከአርከበ ዕቁባይ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ሜድ ኢን አፍሪካ» መጽሐፋቸው ሲሚንቶን፣ አበባንና ቆዳን ይዘው አንዱ ዘርፍ ከሌላው ለምን እንደተሻለ በጥሩ ሁኔታ ተንትነዋል። የአካባቢ ጉዳይ ጨርሶ አልተነሣም አልልም። ሚዛኑ ግን የሚያዘነብለው ወደ ምርት፣ ወደ ገበያና ወደ ዘርፎች ትስስር ነው፤ ቀድሞ ያደገው አገር በራሱ ውኃ ላይ ያደረሰው ጥፋት ከትምህርቱ አይቆጠርም።

በቂሊንጦ ይህ ጉድለት ዋጋ ያስከፍላል። በአቃቂ ቃሊቲ በ279 ሄክታር ላይ በዓለም ባንክ ብድር የታቀደው ፓርክ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ማዕከል እንዲሆን ተመርጧል። የአካባቢው ውኃ ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ በመጨረሻም ወደ አዋሽ ይወርዳል። የአቃቂ ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ያቀርባሉ፤ ገበሬው በወንዙ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል። በበጋ የወንዙ ውኃ ሲሳሳ የከተማው ፍሳሽ ድርሻ ይገዝፋል፤ በአየር ንብረት ለውጥ ሙቀቱና ትነቱ ሲጨምር ደግሞ ብክለቱን የሚያቀጥነው ውኃ የበለጠ ያንሳል።

እዚህ ላይ ሊጠቀስ ሲገባው የተረሳ ጽሑፍ አለ። ዮአኪም ላርሰንና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በሕንድ ሃይደራባድ አጠገብ በምትገኘው ፓታንቼሩ፣ የ90 ያህል መድኃኒት አምራቾችን ፍሳሽ የሚቀበል ማጣሪያ ጣቢያን መረመሩ። ከተጣራ በኋላ በሚወጣው ውኃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ አገኙ። በአንድ ቀን የሚለቀቀው 45 ኪሎግራም ያህል ነበር፤ ዘጠኝ ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ስዊድን በአምስት ቀን የምትወስደውን ያህል። በ2009 የወጣው የፊክና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ መድኃኒቱን በአካባቢው መንደሮች ጉድጓድ ውስጥ አገኘው። ልብ በሉ፣ ጣቢያው ነበር፤ ይሠራም ነበር። ፍሳሹን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲገድል የሚተርፉት መድኃኒቱን የተላመዱት ናቸው።

የሚገርመው፣ ሃይደራባድንና አዲስ አበባን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ጥናት አለ። ቫን ሩየንና ባልደረቦቹ በ2010 ሁለቱን ከተሞች ከአክራ ጋር በፍሳሽ መስኖ አነጻጽረዋል፤ ትኩረታቸው ግን የከተማ ፍሳሽ ነበር። ይህንንና የላርሰንን ጥናት አንድ ላይ ላነበበ ቂሊንጦ ምን እንደሚጠብቀው አይጠፋውም።

ፓታንቼሩ የመድኃኒት ጥሬ ዕቃ ያመርታል፣ ቂሊንጦ ግን እንክብልና ሽሮፕ ማዘጋጃ ነው ይባል ይሆናል። ንጽጽሩ ወሰን እንዳለው አልክድም። ሆኖም በ2013 የወጣው የፓኪስታን ጥናት አንቲባዮቲክ ያገኘው መድኃኒት በሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች አካባቢም ጭምር ነው። የ2015–2025 ብሔራዊ የመድኃኒት ማምረቻ ስትራቴጂም ጥሬ ዕቃ ማምረትን ከግቦቹ መካከል አስቀምጧል። ሁለተኛው መከራከሪያ፣ ውኃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀመው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዜሮ ፍሳሽ ቴክኖሎጂ መፍትሔ ይሆናል የሚል ነው። ቴክኖሎጂው ለጨርቃ ጨርቅ የተተከለ ነው፤ ውኃውን ቢመልስም ዝቃጩን አያጠፋም፣ ለትነቱ የሚፈልገው ኃይልም ቀላል አይደለም።

ሕንድ በጥር 2020 በአንቲባዮቲክ ፍሳሽ ላይ ገደብ የሚጥል ረቂቅ አወጣች፤ በቀጣዩ ዓመት በጸደቀው ደንብ ግን ገደቡ ቀረ። በዚሁ ጉዳይ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የወጣው በ2024 ነው። ስለዚህ ቂሊንጦ የሚገለብጠው የተጠናቀቀ የእስያ ሕግ የለም፤ ገደቡ በባለሀብቱ የመሬት ውል ውስጥ መግባት አለበት። በፍሳሽ ምርመራ የተለመደው የኦክስጅን ፍላጎት መለኪያ ብቻውን ስለ ሲፕሮፍሎክሳሲን አይናገርም። እዚያው ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምርመራውን ቢይዘው ይመረጣል። ናሙናው መቀዳት ያለበት ከየፋብሪካው መውጫ ቱቦ ነው፤ አባ ሳሙኤል ከደረሰ በኋላ ብክለቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።