የምርጫ ጣቢያ (ኢትዮጵያ)

የምርጫ ጣቢያ በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት መራጮች የሚመዘገቡበት፣ ድምፅ የሚሰጡበትና ድምፅ የሚቆጠርበት ቦታ ነው። ጣቢያዎችን የሚያደራጀው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። በ6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ መራጩ የተመዘገበውና ድምፁን የሰጠው በአንድ ጣቢያ ስለነበር፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ወደዚያ መሄድ ነበረበት። ስለዚህ የጣቢያው ቅርበት የመምረጥ መብትን በተግባር ይወስናል።

== አሠራር ==
ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር ከኖረ ተመዝግቦ የመራጭነት ካርድ ይወስዳል። አንድ ጣቢያ የሚመዘግበው ከ1,500 የማይበልጡ መራጮችን ነው። በ6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ ይህ ቁጥር በሞላባቸው ቦታዎች ንዑስ ጣቢያዎች ተከፍተዋል። በምርጫው ቀን መራጩ ካርዱን ያሳያል፤ ድጋሚ እንዳይመርጥም ጣቱ ላይ ቀለም ይደረጋል። ድምፁ እዚያው ተቆጥሮ ውጤቱ በጣቢያው ይለጠፋል።

ለጣቢያነት ብዙ ጊዜ የሚያገለግሉት ትምህርት ቤቶች፣ የቀበሌ አዳራሾችና ድንኳኖች ናቸው። ማየት የተሳነው መራጭ የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል።

== ተደራሽነት በምሥራቅ ጎጃም ==
ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ሞጣ ደግሞ በሁለት እጁ እነሴ አካባቢ ትገኛለች። ሁለቱም ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ በአብዛኛው ገበሬ ሲሆን፣ ከመንገዱ ርቀው ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱ ቀበሌዎችም አሉ። ጣቢያ በከተማ ብቻ ቢሆን የእነዚህ ቀበሌዎች ነዋሪ የሥራ ቀኑን በእግር ጉዞ ይፈጅ ነበር። 6ኛው ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ሰኔ ደግሞ ዝናብ የሚጀምርበትና ገበሬው እርሻ ላይ የሚጠመድበት ወር ነው። ጣቢያን ወደ ቀበሌ ማውረድ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ቅርበት ብቻውን ግን አይበቃም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ዓይነት ግጭት ሲኖር፣ አስፈጻሚውም ቁሳቁሱም ወደ ጣቢያው በሰላም መድረስ ይቸገራሉ።

== ልዩ ጣቢያዎች ==
ከቤታቸው ርቀው ለሚኖሩ ተፈናቃዮች፣ ወታደሮችና የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ልዩ የምርጫ ጣቢያ ይቋቋማል። ለሥራ ወደ ሌላ አካባቢ ሄዶ 6 ወር ያልሞላው የቀን ሠራተኛ ግን ከእነዚህ ውስጥ አይካተትም፤ ለመምረጥ ወደ ቀድሞ መኖሪያው መመለስ ይኖርበታል።